ሞላ ጎደለ

ዝናብ ነው፣ ሰሜን ዌልስ ነው፣ ከጠዋት ጀምሮ ያካፋል፤
የጋራዡ ቆርቆሮ ጣራ ከበሮውን ይደልቃል፤
ኢድዋል በጀርባው ተንጋሎ ከቫኑ ሆድ ሥር ገብቷል፤
እግሩ ብቻ ነው የሚታይ፣ አንዱ ካልሲው ተቀዷል።

ቫኑ የሰማንያ አራት፣ ሦስት ሞተር የሸኘ፣
ቡኒ ቀለሙ በየትም ሱቅ ዳግም ያልተገኘ፤
ሰው ቢሆን ጡረታ ወጥቶ ፀሐይ ይሞቅ ነበረ፤
ቫን ሆነና ተራራ ሲወጣ ሲወርድ ኖረ።
ችግሩ አንድ ነው፤ ያዘነብላል።
ወደ ግራ።
ገበያ ቆሞ ላየው፣ ጆሮው እንደከበደ ሽማግሌ
ለሹክሹክታ አንገቱን ሰበር ያደረገ ይመስላል።

ባሮጌ ጋዜጣ ላይ ሞላዎቹ ተደርድረዋል፤ ሦስት ጥንድ።
የፊተኛው ከቫኑ የወጣው፣ ዝገቱ እንደ ቅርፊት የሚላቀቅ፣
የቀለም ምልክቱ አረንጓዴ ይሁን ሰማያዊ የማይታወቅ።
ሁለተኛው ከውዳቂ መኪና ግቢ፣ የዳቦ ቤት ቫን የነበረ፣
ዱቄት እንጂ ተራራ ያልቀመሰ፣ ቁመቱ ያልተሰበረ።
ሦስተኛው አዲስ ነው፣ ጥቁር፣ እንደ ሙሽራ ጫማ የሚያበራ፤
ሽቦው በአንድ ሚሊ የወፈረ፣ ዋጋው ግን የሚያስፈራ።

ነስታ ጎረቤቱ፣ የአውቶቡስ ሾፌሯ፣ ባትሪ ታበራለታለች፤
«የወፈረውን ግጠምና ተገላገል» አለች።
«የወፈረ ሁሉ አይሸከምም» አለ ከሥር ኢድዋል፤
«ደረቅ ሞላ ጉድጓዱን አይውጥም፣ ለወገብሽ ያቀብለዋል።
ሞላ ማለት እሺ ብሎ የሚጎነበስ፣ ከዚያ ደግሞ የሚነሣ፤
ካልተጎነበሰ ብረት ነው፣ ካልተነሣማ ሬሳ።»

ከዚያ ልኬት። መለኪያውን በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ።
የቀኙ አሮጌ፦ ሠላሳ ዘጠኝ ሳንቲም ከአራት ሚሊ።
የግራው፦ ሠላሳ ስምንት ከአንድ።
ደግሞ ለካ። ሠላሳ ስምንት ከአንድ።
ዐሥራ ሦስት ሚሊ! የአውራ ጣት ጥፍር ያህል።
ከአንድ ፋብሪካ፣ በአንድ ቀን፣ ከአንድ እሳት የወጡ መንትዮች፤
የቀኙ ሞላ እንደ ሞላ፣ የግራው እንዴት ጎደለ?
ኢድዋል ጢሙን ይፈትላል፣ ማንን ልክሰስ እያለ።

ፋብሪካውን ከሰሰ። የወረዳውን መንገድ ከሰሰ፣
በግራ ጠርዙ በግ የሚተኛበት፣ አስፋልቱ የፈረሰ።
የራሱን ቦርጭም ጠረጠረ፤ ግን መሪው በቀኝ ነው፤
በግራ የምትቀመጠው ኤሉነድ ሚስቱ ናት፣
አርባ ስምንት ኪሎ፣ ያውም ካፖርቷን ደርባ፣ ቦቷ ጭቃ ይዞባት።

ዳዶ ሊፈልግ ከግራው ወንበር ሥር ያለውን ሣጥን ከፈተ።
ዳዶ የለም።
ድንጋይ።
የባሕር ድንጋይ፣ የወንዝ ድንጋይ፣ ነጭ መቀነት የታጠቀ፣
በእርሳስ ቀን የተጻፈበት፣ ግማሹ ጽሑፍ የለቀቀ፦
የሰማንያ ስምንት ሐምሌ። የዘጠና አንድ ፋሲካ፣ ዝናብ።
መዘናቸው። ስልሳ ሁለት ኪሎ።

በሩ ላይ ከዘራዋን ተደግፋ ኤሉነድ ቆማለች፤
«ድንጋዮቼን ምን ልታደርጋቸው ነው?» አለች።
ይህን ሁሉ ዓመት አልነገረችው፤ ይህን ሁሉ ዓመት አልጠየቀም።
ነስታ ባትሪውን አጠፋች፤ ሳቋን ግን ማጥፋት አልቻለችም።

«እንግዲህ ለግራው ወፍራሙን፣ ለቀኙ የዳቦ ቤቱን?»
«አይሆንም፤ ሞላ የሚቀየረው ጥንድ ጥንዱን ነው፤
አንዱ ሲደክም ሁለቱም ይወጣሉ፤ ደንቡ ይኸው ነው።»
ኤሉነድን አየት አደረጋት።
እሷም አየችው።

የዳቦ ቤቱን ጥንድ ገጠመ፤ አዲሱን ወደ ካርቶኑ መለሰ።
ክሪኩ ሲወርድ ቫኑ እንደ ምልምል ወታደር ቀጥ አለ።
ኤሉነድ አንድ ጊዜ ዞረችው፤ «የሰው መኪና መሰለኝ» አለች፣ ገባች።
ማታ፣ ወገቡን እየደገፈ፣ ኢድዋል አንድ በአንድ
ድንጋዮቹን መለሰ።

ማክሰኞ የዓመት ምርመራ ነበር። ልጅ እግሩ መርማሪ ጎንበስ ብሎ ጻፈ፦
«ግራው ትንሽ ዝቅ ይላል።»
«አራት ሚሊ» አለ ኢድዋል።
«ሞላው ነው?»
«ሞላውስ ሙሉ ነው» አለ። «ሣጥኑም።»